በየካቲት በኪዳነ ምሕረት ይከፈት

ከሞላሌ በላይ፣ ኪዳነ ምሕረት
ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ አፈወርቅ፣

ሳሉ ለቀቀዎ? ሐኪሙ ያዘዘልዎት የቆላ ሙቀት ተስማማዎ? እኛ ሰዉም ከብቱም ደህና ነን። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ በጥምቀት ዋዜማ ደርሶኝ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ከመቀነቴ ሳልፈታው ቆየሁ። ካለፈ በኋላ ደግሞ ሾፌሩ አንዷለም መኪናው ተሰብሮበት ሳምንት ሙሉ ሞላሌ ቆመ። እንዳልደውል እርስዎ "ስልክ ስይዝ ጆሮዬ ውስጥ ንብ የገባ ይመስለኛል" ብለው አስጥለውኛል። ስለዚህ ወሬያችን በአንዷለም ጎማ ይሄዳል።

የጠየቁኝ ብዙ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ አልቋል፤ ከእንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ደብተራቸውን ጉያቸው ውስጥ አይከቱም። ስምንተኛ ክፍል ከተፈተኑት ሃያ ስድስት ልጆች ሃያ አንዱ አልፈዋል፣ ከእነሱም አሥራ አራቱ ሴቶች ናቸው። የምንጩን አጥር ጨርሰናል፤ ላምና ሰው ከአንድ ቦታ መጠጣታቸው ቀረ። ቀይ ቀበሮዎቹን የቆጠሩት ሰዎች ዘንድሮ አሥራ ሰባት አገኘን አሉ፤ አምና አሥራ አንድ ነበሩ። ገሠሠ ግን "ይኼ ሁሉ ቀበሮ የማንን በግ እየበላ ነው?" ብሎ ስብሰባውን ግማሽ ቀን አቆየው። የሚበላው አይጥ ነው ብንለው አልሰማም።

ገሠሠ እንደሚያውቁት ነው። ይኸው በጓሳው ሣር ጥበቃ እርስዎን ከተካሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ እሱ ግን አሁንም በስብሰባ ላይ "ተጠባባቂ የሣር አባት" ብሎ ነው የሚጠራኝ። ሴት እንዴት አባት ትባላለች ብሎ ነው መሰለኝ፣ ቃሉን በተጠባባቂ ያላላዋል። እኔ ስቄ አልፋለሁ፤ እቤቴ ስገባ ግን አልስቅም።

ዋናውን ለመጨረሻ አቆየሁት። ጭራ ሜዳ ላይ ጓሳው ወገቤ ደርሷል፣ እኔም አጭር እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። በድርቁ ዓመት እርስዎ በቃልዎ፣ ቄሶቹ በመስቀላቸው ገዝተው ከዘጉት ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማጭድ አልነካውም። በላይም በታችም ያሉ ጣሪያዎች ይህን ሣር እየጠበቁ ነው። የመዝጊያ ወረቀትዎን ከሣጥን አውጥቼ አነበብኩት፤ "በየካቲት በኪዳነ ምሕረት ይከፈት" ይላል። ጾም ሳይገባ፣ ቅዳሜ የካቲት 23፣ እዚሁ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ተሰብስበን እንድንከፍተው ቆርጠናል። የላይኛው ደብር የጊዮርጊስ ሰዎችም ግልባጩ በቄስ መርስዔ ኃዘን እጅ አላቸው። ጓሳ ስከፍት የመጀመሪያዬ ነውና፣ ሌላ ማድረግ ያለብኝ ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

ተጠባባቂዋ እታገኝ


ዓለም ከተማ
ጥር 29 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ እታገኝ፣

ሳሉ ለቋል፤ በምትኩ ላብ ይዞኛል። እዚህ ሰው በጥር ወር በነጠላ ይቀመጣል። ውርጭ ብላቸው የበሽታ ስም ይመስላቸዋል። ልጄ ጽናት ከምታስተምርበት ስትመለስ፣ "አባባ፣ ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ?" ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ጥላውን እየተከተልኩ ወንበሬን አራት ጊዜ አዛወርኩ እላታለሁ። ስለ ዓይኔ ባትጠይቂኝም፣ ያያል። ትንንሽ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚንቀው።

ደብዳቤሽን ጽናት ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሃያ አንድ ልጆች! እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሣር አባት ሆኜ ስኖር፣ በአንድ ዓመት ያለፈው ትልቁ ቁጥር ዘጠኝ ነበር። ያንን ዓመት በሬ አርደናል። ምንጩን ለማጠር እኔ አራት ጊዜ ሰው ሰብስቤ አራት ጊዜ ተጣልተን ተበትነናል። አንቺ እንዴት እንዳስማማሻቸው አልጻፍሽልኝም፤ ጻፊልኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። ትንሽም ከፍቶኛል፤ ለምን እንደከፋኝ ግን ራሴን አልጠየቅሁትም።

ገሠሠን ተዪው። አባቱም እኔን ሦስት ዓመት ሙሉ "ይኼ ልጅ" እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ ያኔ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር።

የመጀመሪያውን ሸክም እንዳትረሺ። ጓሳው ሲከፈት መጀመሪያ የሚታሰረው ሸክም ጣሪያው ከሁሉ ለከፋው ሰው ነው፣ ዘመድ ይሁን ባዳ። እዚህ ላይ ይጣሉሻል፤ አትበገሪ።

ሌላ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ ወይ ብለሻል። ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ።

አፈወርቅ


ኪዳነ ምሕረት
የካቲት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ አፈወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጽናትስ ደህና ናት? ተማሪዎቿስ? የተከራያችሁበት ቤት ባለቤትስ፣ ወገባቸውን ተሻላቸው? ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። የካቲት ኪዳነ ምሕረት በሰላም ተከብሮ ዋለ፤ ታቦቷ ስትወጣ ደመና ነበር፣ ስትገባ ፀሐይ ወጣ።

የምንጩን አጥር እንዴት አስማማሽ ላሉኝ፣ ዘዴ የለኝም። ጉድጓዱን ራሴ መቆፈር ጀመርኩ፤ ሴት ስትቆፍር ቆመው ማየት አፈሩ፣ መጡ።

ቅዳሜ ያልኩት መክፈቻ ለጊዜው ተላልፏል። ሽማግሌዎቹ አልተሟሉልኝም። ትንሽ ጉዳይ ናት፣ አያስቡ። ስለ ጊዮርጊሶች ሰፋ አድርጌ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አንዷለም ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ ላሳጥር።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን።

እታገኝ


ዓለም ከተማ
መጋቢት 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

እታገኝ፣

ሰላምታዬን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ አሁን ተቆጥቻለሁ።

የተከራየሁበትን ቤት ባለቤት ወገብ ትጠይቂኛለሽ፣ የራሴን አገር ጉዳይ ትደብቂኛለሽ! አንዷለም ሁሉንም ነገረኝ። ለእኔ ጆሮ ሲል ጮኾ ስለነበር የዓለም ከተማ ገበያ በሙሉ ሰምቶታል። ጊዮርጊሶች ሳይከፈት ወጥተው ጓሳውን አጨዱ አለ። ስልሳ ሁለት አባወራ! ከነቄሳቸው! የታችኞቹ ደግሞ "ግዝት ጥሰዋልና ይወገዙ፣ ጭራ ሜዳም ለሁለት ይከፈል" ይላሉ አለኝ። እውነት ነው?

እውነት ከሆነ ምን ትጠብቂያለሽ? እነሱ እኔ ፊት ነው ለመሐላ እጃቸውን ያነሡት። እኔ ልጅ ሆኜ፣ ግዝት ከጣሰ ሰው ቤት እሳት የሚጭር ጎረቤት አልነበረም። አትለማመጪያቸው። ሕጉ ይፈጸምባቸው። ሜዳውን መክፈል ግን የማይሆን ነው፤ ለሁለት የተከፈለ ጓሳ በሁለት ዓመት ውስጥ የእርሻ ማሳ ይሆናል። ይኼንን ለገሠሠ ከእኔ ሰምቼ ነው በዪው።

ጊዮርጊሶችን ከማንም አብልጬ እወዳቸው ነበር። እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ፣ ሳትቀንሺ።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ።

አፈወርቅ


ኪዳነ ምሕረት
መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ አፈወርቅ፣

ይቅርታዎን ለምኜ ልጀምር። ሽማግሌዎቹ አልተሟሉም ያልኩት ውሸት ነበር። ተሟልተዋል፤ እንዲያውም በዝተዋል።

አንዷለም የነገረዎት እውነት ነው፤ አካሄዱን ግን አልነገረዎትም። ጊዮርጊሶች ተደብቀው አልመጡም። ቅዳሜ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረትን በዓል አከበሩ። እሑድን ሰንበት ነው ብለው አሳለፉ። ሰኞ ጠዋት ቄስ መርስዔ ኃዘን ከፊት እየጸለዩ፣ ሴቱም ወንዱም ማጭዱን ይዞ፣ በግልጽ ወጡ። የእኛ ጠባቂዎች ሲጮኹባቸው ደነገጡ። ማጭዳቸውን እዚያው ጣሉ፣ ያጨዱትንም አንዲት እፍኝ ወደ ቤታቸው አላስገቡም። ሣሩ እስከ ዛሬ ሜዳ ላይ ተጋድሟል።

በማግሥቱ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ቄስ መርስዔ ኃዘን የእርስዎን ግልባጭ አውጥተው "ይኸውልሽ፣ በቀኑ ነው የወጣነው" አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቃል በቃል ገልብጬ እልክልዎታለሁ፤ ጽናት ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

"ጭራ ሜዳ ለሦስት ዓመት የተዘጋ ይሁን። በሦስተኛው ዓመት በየካቲት በኪዳነ ምሕረት ይከፈት። ከዚያ በፊት ማጭድ ያነሣ የተገዘተ ይሁን።"

ጋሼ፣ ለእኛ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ናት። "ወዴት ነሽ?" ሲሉኝ "ኪዳነ ምሕረት" እላለሁ። ለእነሱ ደብራቸው ጊዮርጊስ ነው፤ ኪዳነ ምሕረት ቀን ናት። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ሲባል ደግሞ ማንም ሰው አሥራ ስድስት ነው የሚለው። እኛ ቦታ አነበብን፣ እነሱ ቀን አነበቡ።

ይኼን ለታችኞቹ ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። ገሠሠ ተነሥቶ፣ "የአፈወርቅ ቃል ሁለት መንገድ ኖሮት አያውቅም። ሲያዙ ነው ወረቀት የሚፈቱት" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀለት። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ለመንኩ። የጊዮርጊስ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ድሮ እርስዎ መክፈቻው ስምንት ቀን ሲቀረው በበቅሎ እየወጡ በየደጁ ይጠሯቸው ነበር። እኔ ይኼን አላውቅም ነበር፤ ሰው አልላክሁም፣ ራሴም አልወጣሁም። ይኼንንም አልተቀበሉኝም። ከኋላ አንዱ "ድሮስ ሴት ይዛው" ሲል ሰምቻለሁ።

አሁን የቆረጡት ይኼ ነው። እስከ ሆሳዕና ጊዮርጊሶች ጥፋታቸውን ካላመኑ የስልሳ ሁለቱ አባወራ ስም በውግዘት ይጠራል። ፋሲካን ሳይቆርቡ፣ ንስሐ አባት ቤታቸው ሳይገባ ሊውሉ ነው። ሜዳውም ይከፈላል። መጋቢት 28 የመጨረሻው ስብሰባ ነው።

ስምዎን በወቀሳ አላነሣሁም፣ አላነሣምም። ምንም አልጠይቅዎትም። ወረቀቱን ብቻ ይዩልኝ።

እታገኝ


ዓለም ከተማ
መጋቢት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ እታገኝ፣

ጽናት ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። በሦስተኛው "አባባ፣ እኔም ቀኑን ነው የምለው" አለችኝ። እሷ የእኔ ልጅ ናት፣ ያደገችው ኪዳነ ምሕረት ደጅ ነው፤ ግን አሥር ዓመት ርቃ ኖራለች። ከደጁ የራቀ ሰው ቀኑን ያነባል ማለት ነው።

ሲጻፍ ትዝ ይለኛል። "በኪዳነ ምሕረት ደጅ" ብዬ ነበር ያሰብኩት። ወረቀቱ አልቆ ጠርዙ ላይ ደርሼ ስለነበር "ደጅ" የምትለውን ቃል ተውኳት፤ ማን ይሳሳታል ብዬ። ያቺን አንዲት ቃል ብጽፋት ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በቀደም ስለ ጊዮርጊሶች የጻፍኩትን ቅደጂልኝ። ሕጉ ይፈጸም ያልኩት ሰውዬ ሕጉን ያበላሸው እሱ ራሱ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለስብሰባው አንብቢው። ገሠሠ ካላመነ እሱ ራሱ ያንብበው፤ እጄን ያውቀዋል።

"ለኪዳነ ምሕረትና ለጊዮርጊስ ሰዎች። እኔ አፈወርቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ስለ ቃሉ ስጠይቅና ስቀጣ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የመዝጊያውን ቃል አጉድዬ ጻፍኩ። ጊዮርጊሶች ያነበቡት የጻፍኩትን ነው፤ የታችኞቹ ያነበቡት ያሰብኩትን ነው። በጻፍኩት የሄደ ሰው ግዝት አልጣሰም። ግዝቱ ከወደቀ በእኔ ይውደቅ፤ ቅጣቱንም እኔ እቀበላለሁ። ሜዳውን የሚከፍል ግን በሕይወቴ እያለሁ ቀበረኝ ማለት ነው። በእኔ ቦታ የተቀመጠችውን እታገኝን ስሟት። ጥፋት ባይኖርባትም ጥፋቱን ለራሷ አድርጋ ለምናችኋለች፤ እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።"

ስለ በቅሎውና በየደጁ ስለመጥራቱ የጻፍሽውን አይቻለሁ። በእሱ ላይ የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ግን አቅም አጣሁ። ለአንዷለም ሳይውል ሳያድር እንዲያደርስልኝ ለምኜዋለሁ።

አፈወርቅ


ኪዳነ ምሕረት
ሚያዝያ 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ አፈወርቅ፣

እፎይ! ከዚህ የተሻለ ሰላምታ አጣሁልዎ። እፎይ ብያለሁ፣ እርስዎም እፎይ ይበሉ።

አንዷለም ዓርብ ማታ ደርሶ ደብዳቤዎን እጄ ላይ አኖረው። በማግሥቱ ደጁ ሙሉ ነበር፤ የታችኞቹ በወይራው በኩል፣ የላይኞቹ በበሩ በኩል፣ መካከሉ ባዶ። አነበብኩት። "በሕይወቴ እያለሁ ቀበረኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ገሠሠ ተነሥቶ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ሊቃወም ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን የቀረውን ጮክ ብሎ ጨረሰልኝ። ከዚያ የድሮውን ወረቀት አምጪ አለኝ። በጣቱ እየተከተለ አነበበው፣ ደገመው። በመጨረሻ፣ "ደጅ የሚል የለበትም እኮ!" አለ፣ ልክ ዛሬ ገና እንዳየው ሰው።

አንድ ሰው ሳቀ። ከላይኞቹ ይሁን ከታችኞቹ እንጃ፣ ሳቁ ግን ሁለቱንም ያዘ። ቄስ መርስዔ ኃዘን እያለቀሱ ነበር የሚስቁት። መካከሉ መቼ እንደሞላ አላየሁም።

ግዝቱ ተነሣ፣ ማንም ስሙ አልተጠራም። ሜዳውን መክፈል የሚል ቃል ሁለተኛ አልተነሣም። ስለ ቅጣትዎ ተመክሮ፣ ሽማግሌዎቹ አንድ ቅጣት ወስነውብዎታል። እሱን ከታች እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ጓሳው ለሁሉም ተከፈተ። የመጀመሪያው ሸክም ለጊዮርጊሷ መነኩሲት ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ይሁን አልኩ፤ ጣሪያቸው ተከፍቶ ከማዕዘኑ ሰማይ ይታያል። እንዳሉት ይጣሉኛል ብዬ ወገቤን አሥሬ ነበር። የሚጣላ ጠፋ። ሸክሙን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ማን መሰለዎ? ገሠሠ! ላቡን እየጠረገ ለእማሆይ ምን እንዳላቸው ይስሙልኝ፤ "የሣር አባት እታገኝ ልካልዎት ነው" አለ። ተጠባባቂ አላለም። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፣ ግን እስከ ቤቴ ድረስ እግሬ መሬት አልነካም።

አሁን በየጣሪያው ሰው አለ። የታችኞቹ ላይ ወጥተው ይከድናሉ፣ የላይኞቹ ታች ወርደው ያቀብላሉ። ፋሲካን ሁላችንም በአዲስ ጣሪያ ሥር እንውላለን።

ቅጣትዎ እንዲህ ነው። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ከዘንድሮው ጓሳ አንድ ገሳ ሠርተውልዎታል፤ እሱን መልበስ አለብዎት ተብሏል። ዓለም ከተማ ውስጥ የዝናብ ገሳ ለብሰው ሲሄዱ እያሰቡ ስብሰባው ሁሉ በሳቅ ተበተነ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዷለም ያመጣልዎታል።

በእሱ ላይ የምነግርሽ አለ ያሉኝን አልረሳሁትም። ሲችሉ ይጻፉልኝ፤ ካልቻሉም ይተዉት።

እታገኝ


ዓለም ከተማ
ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ እታገኝ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ሳስነብብ ጽናት "እፎይ" የሚለው ላይ ቆማ አየችኝ። የማለቅስ መስሏት ነው። እያለቀስኩ ነበር።

ገሳውን ለበስኩት። ቅጣት ቅጣት ነው። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በፋሲካ ማግሥት ለብሼው ሄድኩ፤ ሕፃናት ተከተሉኝ፣ የቤቱ ባለቤት ቀፎ ልቆርጥ የምሄድ መስሏቸው ማር እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። ሽታው ግን የአገሬ ነው። ቤት ገብቼ ካወለቅሁት በኋላ አጠገቤ አስቀምጬው ተኛሁ።

አሁን ልንገርሽ። ፋሲካ አልፏል፣ ተናዝዣለሁ፣ ንስሐ አባቴ ለሷም ንገራት ብለውኛል።

በጥር "ሌላ ማድረግ ያለብኝ ነገር ካለ ይጻፉልኝ" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ ብዬ መለስኩልሽ። በቅሎዋ ወረቀቱ ላይ የለችም። አልረሳኋትም፣ እታገኝ። ጽናት ጥያቄሽን ስታነብልኝ መጀመሪያ የታየችኝ በቅሎዋ ናት፤ ዳገቱን ስትወጣ፣ ጊዮርጊሶች በየደጃቸው ቆመው፣ "አፈወርቅ መጣ" ሲሉ። በአፌ ላይ ነበረች። አልጻፍኳትም።

ለምን? ሃያ አንድ ልጆች አለፉ ብለሽኛል። ምንጩ ታጠረ ብለሽኛል። ቀበሮው እንኳ በአንቺ ዘመን በዝቷል። እኔ እዚህ ጥላ ተከትዬ ወንበር አዛውራለሁ። በመክፈቻው ቀን አንድ ነገር እንዲጎድል ፈለግሁ፤ ትንሽ ነገር። ሰዉ ዘወር ዘወር ብሎ "አፈወርቅ ቢኖር ይመጣ ነበር" እንዲል ፈለግሁ። ይኼው ብቻ ነው። ስልሳ ሁለት ቤት ላስወግዝ አልፈለግሁም።

ወረቀቱን ማጉደሌ ስሕተት ነው፤ እሱን በአደባባይ ተናግሬያለሁ። ይኼኛው ስሕተት አይደለም፤ ለአንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ለስብሰባው ንገሪ ካልሽም ንገሪ። ይቅር ካላልሽኝ አልፈርድብሽም።

አፈወርቅ


ኪዳነ ምሕረት
ግንቦት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ አፈወርቅ፣

ደብዳቤዎን ብቻዬን አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ወረቀቱን አጣጥፌ ሁለት ቀን አላየሁትም። በሦስተኛው ቀን ጊዮርጊስ ለክርስትና ተጠርቼ ስወጣ፣ የእማሆይ ወለተ ኢየሱስ አዲስ ጣሪያ ከሩቅ ታየኝ፤ ንዴቱ እዚያ ዳገት ላይ ቀረ። ይቅር ብዬዎታለሁ። ለማንም አልናገርም።

እኔም የደበቅሁዎት አለ። ያን ጊዜ፣ የካቲት ላይ፣ በማግሥቱ ጊዮርጊስ ስወጣ፣ በየደጁ የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ ያሉኝ ምን እንደሆነ አልጻፍኩልዎትም። እንዳያዝኑ ብዬ ነበር፤ ትንሽም እኔ ስለከፋኝ ነው። አሁን ግን ልጻፈው። "አፈወርቅ ቢኖር ይመጣ ነበር" ነው ያሉኝ። አንድ ሰው አይደለም፣ ስልሳ ሁለቱም ደጅ።

ስለዚህ ደስ ይበልዎ። ብለዋል።

ሐምሌ ላይ እንደገና እንዘጋለን። አዲሱን የመዝጊያ ቃል አርቅቄ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ እንዳይስቁብኝ። ቀኑንም ቦታውንም ሰዓቱንም፣ የደጁን ወይራ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። ገሠሠ "ይኼ ወረቀት ነው ወይስ መንገድ ጠቋሚ?" አለኝ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ "የሣር አባት የሆነ ሁሉ፣ መክፈቻው ስምንት ቀን ሲቀረው በበቅሎ ጊዮርጊስ ወጥቶ በየደጁ ይጥራ" ይላል።

ችግሩ፣ ከየትኛው ደጅ እንደሚጀመር አላውቅም፤ ማንን አስቀድሞ መጥራት ማንን እንደሚያስቀይም ደግሞ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ወረቀት ላይ የሚጻፍ አይደለም። ለመዝጊያው በሐምሌ መጥተው በየደጁ ዞረው ያሳዩኝ። በቅሎዋ አርጅታለች፣ ግን መንገዱን ታውቃለች፤ እርስዎ ይቀመጡባት፣ እኔ በእግሬ እከተላለሁ። ሐኪሙ ቢቆጣም ለሁለት ሳምንት ነው። ለጽናት ጽፌላታለሁ፣ እሺ ብላለች።

ገሳውን ይዘው ይምጡ። እዚህ ይዘንባል።

የሣር አባት እታገኝ